ከቁፋሮ እስከ ቄጠማ፦ በሐዋሳ ግቢ የማያደክም የኮይ ኩሬ አሠራር

የመጀመሪያው ኩሬዬ ለዓይን ያምር ነበር። ወለሉ ላይ ጠጠር አንጥፌበታለሁ። ዙሪያውን በድንጋይ ከብቤዋለሁ። ከላይ የማንጎ ዛፍ ጥላውን ጥሎበታል። በሦስተኛው ወር ግን ጠጠሩ መሐል ጥቁር ጭቃ ሞላ። እጄን ስሰድበት የተበላሸ እንቁላል የሚሸት አረፋ ቡልቅ ይላል። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሥራዬ እሱ ሆነ፦ ውሃ በባልዲ መቅዳት፣ ዓሦቹን በገንዳ ማቆየት፣ ጠጠር ማጠብ። ዓሦቹም ይጎዱ ነበር። ከእያንዳንዱ ጽዳት በኋላ ሁለት ቀን ምግብ አይነኩም።

ያንን አፍርሼ ሁለተኛውን ስሠራ አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፦ ቆሻሻው ወደ እኔ ይምጣ እንጂ እኔ ወደ ቆሻሻው አልሂድ። የኩሬ ጽዳት የሚወሰነው ገና ጉድጓዱ ሲቆፈር ነው። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ የሚገዛ ማጣሪያ ሁሉ ማስታመሚያ ነው።

ኮይ ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ ማወቅ ለዚህ ይረዳል። በጃፓን ኒጋታ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተራ ካርፕ በቀለም እየመረጡ ያራቡት ነው። ስታመጡት የጣት ያህል ነው፤ ሲያድግ 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ብዙ ይበላል፣ የበላውን ያህልም ያስወጣል። አፉን ወደ ታች አድርጎ ወለል እየቆፈረ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ለጌጥ ዓሣ የሚሆን ትንሽ ገንዳ ለኮይ አይሆንም። ኮይ ማግኘት ካልቻላችሁ ደግሞ ይኸው አሠራር ለጎልድፊሽም ያገለግላል፤ እንዲያውም ይቀልላል።

ቦታ መምረጥ

ግቢያችሁ ውስጥ ዛፍ የሌለበትን ጥግ ፈልጉ። ማንጎ፣ አቮካዶና ጃካራንዳ ከኩሬው በላይ ቅርንጫፍ ሊኖራቸው አይገባም። የጃካራንዳ አበባ መንገድ ላይ ወድቆ ሲታይ ያምራል። ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ግን በሁለት ቀን ይበሰብሳል። ጥላ ግን የግድ ያስፈልጋል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የጣሪያ አሸንዳ ወደ ኩሬው እንዳይፈስ አድርጉ። የበጋው አቧራና የወፍ ኩስ በመጀመሪያው ዝናብ ተጠርጎ የሚወርደው በዚያ ነው። የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበት ወይም ለአትክልት ፀረ ተባይ የሚረጭበት ቦታም ራቅ ይበል።

ቤታችሁ ወደ ሐይቁ ከተጠጋ መጀመሪያ አንድ የሙከራ ጉድጓድ 1 ሜትር ተኩል ያህል ቆፍራችሁ አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት ውሃ አቁሮ ካገኛችሁት በጥልቀት አትቆፍሩ። ከሥር የሚገፋ ውሃ ኩሬው ባዶ በሆነ ቀን ወለሉን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ልክና ቅርጽ

ለአንድ ቤተሰብ ግቢ የምመክረው ይህን ነው፦ ውስጡ 4 ሜትር በ2 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት ጠርዙ ጋ 1.2 ሜትር፣ መሐል ላይ 1.4 ሜትር። ይህ 10 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። ለአንድ ጎልማሳ ኮይ ቢያንስ 1 ሺህ ሊትር ይታሰባል። በእኛ ሁኔታ ግን ከ6 ዓሣ አትለፉ። ለምን እንደሆነ ስለ መብራት ስናወራ ይገባችኋል።

ግድግዳው ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ይህ ከፍታ ብዙ ነገር ይፈታል። የግቢ ጎርፍ አይገባም፣ ቁፋሮው ይቀንሳል፣ ጠርዙ መቀመጫ ይሆናል። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ዘሎ እንዳይገባም ይከላከላል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጅ ያለበት ቤት ላዩ ላይ ጠንካራ መረብ ወይም ዙሪያው ላይ አጥር የግድ ነው። ከሁሉ በላይ ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ኩሬው ካልተነሣ ቆሻሻውን በራሱ ክብደት የሚያፈስበት ዝቅታ አይኖረውም።

ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይውረድ። በየመጽሔቱ ፎቶ ላይ የምታዩት ደረጃ ደረጃ ያለው ዳርቻ ለዓሣ በል ወፎች መቆሚያ ነው። ረጃጅም እግር ያለው ወፍ ቆሞ የሚያድንበት ጥልቀት ካጣ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳን ያየ ሰው ወፍ ምን ያህል ደፋር እንደሚሆን ያውቃል። አራቱን ማዕዘኖች ግን አክብቡ። ውሃ በሹል ማዕዘን አይዞርም፤ ቆሻሻው እዚያ ይተኛል።

ወለሉና የታችኛው ማስወጫ

አንባቢ ሌላውን ሁሉ ዘልሎ ይህን ክፍል ብቻ ቢያነብ አልከፋም። ወለሉ ከአራቱም በኩል ወደ መሐል ያዘንብል። ከረጅሙ ግድግዳ እስከ መሐል ባለው 1 ሜትር ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከአጭሩ ግድግዳ እስከ መሐል ባለው 2 ሜትር ውስጥም ያው 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። መሐል ላይ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ያ ቱቦ በወለሉ ሥር አልፎ ከግድግዳው ውጭ ይወጣል።

ቱቦው አርማታ ከመሞላቱ በፊት ነው የሚቀበረው። ከወለሉ ሥር ያለው ክፍል ከተቻለ ያለ መቀጠያ ይሁን፤ መታጠፊያው አንድ ብቻ። ከዚያ አንዱን አፍ ድፈኑትና በሌላው ውሃ ሙሉት። የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። በማግስቱ ውሃው ከምልክቱ አንዲት መስመር ወርዶ ካገኛችሁት አርማታ እንዳታስደፉ። ግንበኛው ይቸኩላል፤ ሲሚንቶው ተቦክቷል ይላችኋል። ይጠብቅ። ከአርማታ ሥር የሚያንጠባጥብ ቱቦ በኋላ መጠገኛ የለውም።

ባዶ የቱቦ አፍ በቀጥታ ከላዩ ያለውን ብቻ ይስባል። ስለዚህ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ጥላ የሚቆም ክብ ሽፋን ይደረግለታል። እኔ የተጠቀምኩት 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማይዝግ ትሪ ነው። በሦስት የፒቪሲ ቁራጮች ላይ አቆምኩት። ውሃው በትሪው ጠርዝ ሥር ከዙሪያው ሁሉ ስለሚገባ ቆሻሻውን እየጠረገ ያመጣል። ትልልቆቹ ዓሦችም ቱቦው ውስጥ አይገቡም።

ወለሉ ላይ ምንም አይደረግም። ጠጠር የለም፣ የአበባ ማሰሮ የለም፣ ድንጋይ የለም። ልሙጥ ሊሾ ብቻ። መጀመሪያ ራቁቱን የቀረ ይመስላል። በሁለት ወር ውስጥ አጭር አረንጓዴ ሽበት ለብሶ ያምራል፤ ዓሦቹም ይለቅሙታል።

ግንባታ

የሐዋሳ አፈር ብዙ ቦታ ላይ የላላ፣ ቀላል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና አሸዋ የበዛበት ነው። ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ጠርዙም ይናዳል። 10 ሺህ ሊትር ውሃ ደግሞ 10 ቶን ነው። ስለዚህ ወለሉ ፌሮ የገባበት 15 ሴንቲ ሜትር አርማታ ይሁን። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት ሆኖ ቀዳዳው በፌሮና በአርማታ ይሞላ። ከውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ድብልቅ የገባበት ልስን። ጂኦሜምብሬን የሚባለው ወፍራም የኩሬ ላስቲክም ጥሩ ነው። ነገር ግን የታችኛውን ቱቦ ከላስቲኩ ጋር ማያያዝ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ግን የትኛውም ግንበኛ ያውቃል።

አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል። ዓሣ ቢገባበት ይሞታል። ኩሬውን ሙሉት፣ ሳምንት አቆዩት፣ ድፉት፣ ግድግዳውን በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ እሹት። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በፒኤች (የውሃ አሲድነት ልክ) መለኪያ ወረቀት የኩሬውንም፣ የሞላችሁበትንም የቧንቧ ውሃ ለኩ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ኩሬው ደርሷል። ከቧንቧው ውሃ ጋር ማነጻጸሩ የሚያስፈልገው የስምጥ ሸለቆ ውሃ በራሱ ፒኤቹ ከፍ ሊል ስለሚችል ነው። መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ከጠበቃችሁ ያለ ምክንያት ትለፋላችሁ።

ሦስቱ በርሜሎች

ከውጭ የሚመጣ ማጣሪያ ውድ ነው። ሦስት ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ሥራውን ይሠራል። ኬሚካል የነበረበት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ፤ የምግብ ዘይት ወይም ጭማቂ የመጣበትን ፈልጉ።

የመጀመሪያው በርሜል ከኩሬው ጎን ከፊሉ ተቀብሮ ይቆማል። አፉ ከኩሬው ውሃ ልክ ጥቂት ከፍ ይላል። የታችኛው ቱቦ በጎኑ ይገባና ውሃውን ዙሪያውን ያዞረዋል። ውሃ ሲዞር ከባዱ ቆሻሻ መሐል ላይ ይወርዳል። እዚህ ሁለት ቫልቭ ይኖራል። አንደኛው በኩሬውና በበርሜሉ መካከል፣ ሁለተኛው ከበርሜሉ ሥር ወደ አትክልት።

ውሃው ከላይ ተንሸራቶ ወደ ሁለተኛው በርሜል ያልፋል። እዚያ ወፍራም ስፖንጅ ወይም በሽንኩርት ከረጢት የታሰረ የዓሣ መረብ ብናኙን ይይዛል። ፓምፑ የሚቀመጠው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ፓምፑን ኩሬው ውስጥ ይከተዋል። ያኔ ኩሱን ሁሉ እየፈጨ ያሰራጨዋል፤ ራሱም በየሳምንቱ ይታፈናል። መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚነካው የተጣራ ውሃ ነው። የእኔን አውጥቼ የማጥበው በዓመት ሁለቴ ነው።

ፓምፑ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ሺህ ሊትር የሚገፋ ይሁን። ኩሬው በሁለት ሰዓት አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ለቤት ሮቶ ውሃ የሚገፋውን ዳይናሞ እንዳትጠቀሙ። እሱ ኃይል ይበላል፣ ቀንና ሌሊት እንዲሠራም አልተሠራም። 80 ዋት የሚወስድ የኩሬ ፓምፕ በቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚቆጥረው።

ፓምፑ ውሃውን የሚገፋው ወደ ሦስተኛው በርሜል ነው፤ እሱ ከኩሬው ጠርዝ በላይ ይቆማል። ውስጡ የተቆራረጠ ኮንዲዩት (የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበት ቱቦ)ና የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ይሞላል። ክዳኑን ከሰፈር ካፌ በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቤ ነው ያመጣሁት። እዚህ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓሣ የሚያስወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። ስለዚህ ይህ በርሜል በቧንቧ ውሃ በጭራሽ አይታጠብም፤ ክሎሪኑ ይጨርሳቸዋል። ካስፈለገ በኩሬው ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል። ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ይሠራል። ግን ይደፈናል፣ ሲታጠብም ወገብ ይቆርጣል።

ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ደግሞ ሌላ ቱቦ ይሰበስበዋል። 75 ሚሊ ሜትር ሆኖ አፉ ከውሃው ልክ ጥቂት ዝቅ ይበልና በመረብ ቅርጫት በኩል ወደ ሁለተኛው በርሜል ይግባ። የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ኩሬውን ሙሉና ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር በትኑበት። ሣሩ የሚከማችበት ጎን ቦታው ነው። ለክረምቱ ዝናብ ደግሞ ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መረብ የለበሰ የትርፍ ውሃ መውጫ አድርጉ።

በርሜሎቹን ሁሉ በወባ ትንኝ መረብ ሸፍኑ። ኩሬው ውስጥ የትንኝ እጭ ዓሣው ይለቅመዋል፤ ዓሣ የሌለበት በርሜል ግን መራቢያ ይሆናል። ከተማችን ወባን ታውቃለች።

ጽዳቱ

እንዲህ ነው የሚደረገው። ፓምፑን አጥፉ። የመጀመሪያውን ቫልቭ ዝጉ። ሁለተኛውን ክፈቱ። 200 ሊትሩ ጥቁር ሻይ መስሎ ወደ ሙዙ ጉድጓድ ይወርዳል። ሁለተኛውን ዝጉ፣ የመጀመሪያውን ባንድ ጊዜ ክፈቱ። የኩሬው ውሃ እየጮኸ ባዶውን በርሜል ሲሞላ ቱቦው ውስጥ የተኛውን ሁሉ ጠርጎ ያመጣል። በትሪው ዙሪያ ያለው ቡናማ ደመና ተስቦ ሲጠፋ ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። አምስት ደቂቃ ነው።

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። አንድ ቀን ሁለቱንም ቫልቭ ከፍቼ እንግዳ ለመቀበል ወደ በር ሄድኩ። ስመለስ የኩሬው ውሃ ጉልበቴ ድረስ ወርዶ ዓሦቹ መሐል ላይ ተከማችተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ቫልቭ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ።

ይህን በሳምንት ሦስቴ፣ ሁለተኛውን በርሜል ደግሞ አንዴ ካፈሰሳችሁ 800 ሊትር ወጣ ማለት ነው። የሚመከረው ሳምንታዊ የውሃ ለውጥ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ጽዳቱና ለውጡ አብረው አለቁ። የሚፈሰው ውሃ ለሙዝና ለእንሰት ማዳበሪያ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ዙሪያውን ትከሉ፤ አፈራችን ወዲያው ይመጠዋል።

በወጣው ምትክ የሚገባው ውሃ ግን በቀጥታ ከቧንቧ አይሁን። ጋለጃንቴ አድርገው ኩሬው ራሱ እንዲሞላ የሚያደርጉ አሉ። ክሎሪን የበዛ ቀን ዓሦቹን ያጣሉ። 1 ሺህ ሊትር ሮቶ ለብቻው መድቡ። ውሃው እዚያ አፉ በመረብ ብቻ ተሸፍኖ ሁለት ቀን ይደር፣ ከዚያ ይግባ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው መጠባበቂያም ነው።

ሙቀት፣ ጥላና መብራት

ስለ ኮይ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ክረምቱ በረዶ ለሆነበት አገር ነው። ዓሣው የሚተኛበትና ማጣሪያው የሚዘጋበት ወራት አለው። እኛ ጋ ዕረፍት የለም። ዓሣው ዓመቱን ሙሉ ይበላል፣ አልጌውም፣ ማለትም አረንጓዴው የውሃ ሽበት፣ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። ስለዚህ ከውሃው ገጽ ግማሽ ያህሉን በጥላ መረብ ሸፍኑ። ውሃው ወደ አረንጓዴ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይና የምግብ ትርፍ ሲገናኙ ነው።

እንቦጭ ግን አደራ አታምጡ። ሥሩ ውሃ ያጠራል ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ጣና ላይ ምን እንዳደረገ አይተናል። ከግቢ አንድ ቁራጭ በጎርፍ ወጥቶ ሐይቃችን ቢገባ ማን ያወጣዋል? ኮዩም እንደዚያው ነው። ቢበዛባችሁ ለሌላ ኩሬ ላለው ሰው ስጡ እንጂ ሐይቁ ውስጥ አትልቀቁ። ካርፕ ወለል ይቆፍራል፣ ውሃ ያደፈርሳል፣ የሌላውን ዓሣ እንቁላል ይበላል። ቆሮሶውን የሚያጠምዱ ቤተሰቦች አሉ።

አሁን ስለ 6 ዓሣው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ሲይዝ፣ እዚህ ከ7 በታች ነው። መብራት በሌሊት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ አልጌውም በጨለማ ኦክስጅን ይስባል። የተጨናነቀ ኩሬ እስከ ንጋት አይቆይም። ዓሦች አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ሲያላምጡ ካያችሁ አየር አጥተዋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከፓምፑ ሁሉ በፊት ግዙ። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከተመለሰ ደግሞ ፓምፑን ከማስነሣታችሁ በፊት ሦስተኛውን በርሜል አፍስሱት። እዚያ የታቆረው ውሃ ተበላሽቷል።

ዓሣ ማስገባት

መጀመሪያ ሁለት ብቻ። ባክቴሪያዎቹ በርሜሉን እስኪይዙት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በእነዚህ ሳምንታት አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ተከታተሉ፤ ከፍ ካለ ውሃ ቀይሩ፣ ምግብ ቀንሱ። ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ አሞኒያ ይበልጥ ይመርዛል፤ ስለዚህ አትዘናጉ። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ሌሎቹ ይጨመራሉ። አዲስ የመጣ ዓሣ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ምግብ በሦስት ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል፣ በቀን ሁለቴ። እንግዳ ሲመጣ ልጆች ዳቦ ይወረውራሉ። ከለከልኳቸው ብላችሁ አትፈሩ፤ የዓሣውን ምግብ በእጃቸው ስጧቸው። ኮይ ከእጅ ላይ ሲበላ ከንፈሩ ለስላሳ ነው፤ ልጅ አንዴ ከነካው ዳቦውን ይረሳል።

ቄጠማው

ከሦስተኛው በርሜል የሚወጣው ውሃ በቀጥታ ወደ ኩሬው አይመለስ። 2 ሜትር የሚረዝም፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የሲሚንቶ ቦይ በግድግዳው ጠርዝ ላይ ሠርታችሁ በዚያ በኩል ይለፍ። ቦዩ ውስጥ የታጠበ ጠጠር አድርጉና ቄጠማ ትከሉበት። ባክቴሪያዎቹ የተዉትን ናይትሬት የሚወስደው እሱ ነው፤ አልጌው የሚበላው ይቀንሳል። ጠጠሩ እዚህ ችግር የለውም፤ የሚደርሰው የተጣራ ውሃ ነው፣ ሲደፈንም ቆማችሁ በእጃችሁ ታነሡታላችሁ።

ቄጠማው ካልታጨደ ያረጅና የወሰደውን መልሶ ውሃው ውስጥ ይጥላል። ስለዚህ ማጨዱ የጽዳቱ አካል ነው። ከሥሩ አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ በማጭድ ቁረጡት፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። እኛ ቤት ቦዩን ግማሽ በግማሽ እያፈራረቅን እናጭዳለን። የበዓል ዋዜማ ሲሆን የታጨደው እርጥቡን ቡና የሚፈላበት ቦታ ይጎዘጎዛል።